የተቆለፈው የብስኩት ቆርቆሮ

አንድ ዳቦ ጋጋሪ ነበረ። እጁ የተባረከ፣ ምላሱ የተሳለ፣ ከሁሉም በላይ ሥርዓት የሚወድ ሰው።

ጥያቄሽን ሰምቻለሁ፤ አትድገሚልኝ፤ ጆሮዬ ገና ደህና ነው። «ለዳቦ ቤቴ ደንበኞች በየሳምንቱ የማወጣውን ጽሑፍ የዓመቱን በሙሉ አቀድኩት፤ ሰዎቹ ደግሞ በየቀኑ በስልኬ ሐሳብ ይልኩልኛል፤ ዕቅዴን እንዳያምሱብኝ በወር አንድ ቀን ቆርጬ ያን ቀን ብቻ ባነብላቸው ምን አለበት?» ነው ያልሽኝ። ምን እንዳለበት እነግርሻለሁ። ቁጭ በይ። ያንን ስልክሽንም አስቀምጪው።

የዚህ ሰው ዳቦ ቤት ከገበያው መግቢያ ላይ ነበር። ሃያ ዓመት እዚያው ጋግሯል። አንድ ቀን አንድ ሀብታም ሰው ከፊት ለፊቱ ባለ መስታወት ዳቦ ቤት ከፈተ። መብራቱ ያበራል፣ ሻጮቹ ኮፍያ ያደርጋሉ፣ በሩ ሲከፈት ደወል ይጮኻል። ጋጋሪው መስታወት ማስገባት አይችልም፤ ጽሕፈቱ ግን ያማረ ነበር። እናም ምን አደረገ? በየቅዳሜው አንድ ገጽ ወረቀት ይጽፋል፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ ያባዛዋል፣ ዳቦ ለገዛ ሁሉ ከዳቦው ጋር ያድላል።

ሰዉ ወደደው። ማንበብ የሚችለው እዚያው በሩ ላይ ቆሞ ያነባል፤ የማይችለው ያስነብባል። ስለ እርሾ ይጽፋል፤ የደረቀ ዳቦ እንዴት እንደሚለሰልስ ይጽፋል፤ ሊጥ የምታቦካለትን ሴት አገሯንና ጠባይዋን ይጽፋል። ችግሩ አንዳንድ ቅዳሜ ይረሳል፤ አንዳንዱን ደግሞ የሚጽፈው ያጣል። ያን ጊዜ ሰዉ «ምነው፣ ዛሬ ዳቦህ አኩርፏል እንዴ?» እያለ ይቀልድበታል። እሱ ቀልድ አይወድም፤ በራሱ ላይ ሲመጣማ ጭራሽ።

ስለዚህ ዕቅድ አወጣ። ትልቅ ካርቶን ቀዶ፣ በማስመሪያ አስምሮ፣ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ያሉትን ቅዳሜዎች ሁሉ ደረደረበት፤ ጳጉሜን እንኳ አልዘለላትም። የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ስለ አንድ የዳቦ ዓይነት፣ ሁለተኛው ስለ ዳቦ አያያዝ፣ ሦስተኛው ስለ ሠራተኞቹ፣ አራተኛው የአንባቢዎች ቃል። ካርቶኑን ከፉርኖው አጠገብ በምስማር ሰቀለው። ጠዋት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነበር፤ ሰው የሠርጉን ፎቶ እንደሚያይ ማለት ነው።

ለአንባቢዎች ቃል ደግሞ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አዘጋጀ። ክዳኑን በመሮ ሰነጠቀ፣ ቁልፍ አበጀለት፣ ባንኮኒው ላይ አኖረው። «ስለ ምን እንድጽፍ ትፈልጋላችሁ? ስለ ዳቦዬስ ምን ትላላችሁ? ጽፋችሁ ክተቱ» ብሎ ለጠፈበት። የሚጥመውን ብቻ መርጦ ያወጣል ብለው እንዳያሙት የቆርቆሮውን ቁልፍ ለእድሩ ዳኛ ሰጠ። ዳኛው ከአራተኛው ቅዳሜ በፊት ባለው ዓርብ ይመጣል፤ በሰው ፊት ይከፍታል፤ ወረቀቶቹን ያስረክባል። ከዚያች ዓርብ በፊት ማንም አይነካውም፤ ባለቤቱም ቢሆን። ሲያዩት ምን እንከን ይወጣለታል? እሱም ምንም አይወጣለትም ብሎ ነበር።

ቆርቆሮው ከመምጣቱ በፊት ሰዉ ቅሬታውን እዚያው ባንኮኒው ላይ ነበር የሚያወርደው።

«ዛሬ ጨው በዝቷል፣ አንተ!» ይሉታል።

«ጨው የበዛው አፍሽ ውስጥ ነው፤ ተጉመጥምጠሽ ነይ።»

«ውስጡ አልበሰለም።»

«አንተስ በሃምሳ ዓመትህ መቼ በሰልክ?»

እንዲህ ነበር መልሱ። ሰው ደግሞ ይሉኝታ አለበት፤ በጠዋት ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ማን ስድብ ተሸክሞ ይገባል? ስለዚህ ቆርቆሮው ሲመጣ ሁሉም እፎይ አለ። ቅር ያለው ይጽፋል፣ ይከታል፣ ዳቦውን ይዞ ይሄዳል። መጻፍ የማይችለው ያስጽፋል። ባንኮኒው ላይ የሚናገር ጠፋ። ቤቱ ጸጥ አለ። ጋጋሪው ያንን ጸጥታ ወደደው፤ እንደ ምስጋናም ቆጠረው። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ልብ በይ፣ ኋላ አልደግምልሽም።

ታኅሣሥ ላይ «በጥር የመጀመሪያ ቅዳሜ ስለ አገር ስንዴ ዳቦ እጽፋለሁ፤ ዳቦውንም በዚያው ቀን ታገኙታላችሁ» ብሎ በወረቀቱ አስነገረ። ከአንድ ገበሬ አዲስ ስንዴ ገዛ። የሚያበጥሩና የሚለቅሙ ሦስት ሴቶች ቀጠረ። ረቡዕ ዕለት ከሴቶቹ አንዷ ከተቀመጠችበት ተነሥታ መጣችና መዳፏን ዘረጋችለት። ከስንዴው መካከል ቀጠን ያሉ፣ ጠቆር ያሉ ፍሬዎች ነበሩ።

«እንክርዳድ አለበት» አለችው። «ሰው ያዞራል። ሁለት ቀን ስጠንና ደግመን እንልቀመው።»

ቀና ብሎ ካርቶኑን አየ። ቅዳሜ፦ የአገር ስንዴ ዳቦ።

«ሁለት ቀን የለኝም። ወረቀቱ ተጽፎ አልቋል። የቀረውን ወንፊት ያወጣዋል።»

«ወንፊት የሚያወጣው ከሆነ እኛን ምን ልታደርገን ጠራኸን?»

መልስ አልነበረውም፤ ስለዚህ ተቆጣ። ስንዴው በዚያው ቀን ወፍጮ ቤት ሄደ።

ቅዳሜ ወረቀቱም ዳቦውም በሰዓታቸው ወጡ። ዳቦው ጠቆር ያለ፣ ወፍራም፣ ሽታው ከመንገድ ማዶ ሰው የሚጎትት ነበር። ጋጋሪው ራሱ ቀመሰው፤ ግን ምሳውን በልቶ ከጠገበ በኋላ፣ አንድ ቁራሽ። ምንም አልሆነም። ቢሆንም የዚያች ሴት መዳፍ ዓይኑ ላይ ቀረ። ሰኞ ዕለት ሚስቱን ጠየቃት፤ ባንኮኒው ላይ ቆማ የምትሸጠው እሷ ነበረች።

«ስለ ጥቁሩ ዳቦ ሰው ምን ይላል?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«ይገዛሉ፣ ይሄዳሉ። ምን እንዲሉህ ነው?»

ረቡዕ ጠየቃት፤ ምንም። በሁለተኛው ሳምንት ጠየቃት፤ አሁንም ምንም።

«ምንም አላሉም አልኩህ እኮ! ደግሞ አንተ ከመቼ ወዲህ ነው ሰው ምን አለ ብለህ የምትጠይቀው?» አለችው። ከዚያ ወደ ባንኮኒው ዞር አለችና፣ «ቆርቆሮው ግን በዚህ ወር ከበደ። ሳጸዳ አነሣሁት» አለች።

«ዳቦውን ወደውት ይሆናል።» ቶሎ ነው የመለሰላት፤ የተዘጋጀበት ይመስል።

«የወደደ ሰው ወረቀት ሲከት ፊቱን ያጨማድዳል? እንክፈተው።»

«ቁልፉ ዳኛው ዘንድ ነው።»

«የዳኛው ቤት እኮ ከዚህ ይታያል። ሄጄ ላምጣው?»

«ቀኑ አልደረሰም አልኩሽ! አንድ ጊዜ ያለ ቀኑ ከተከፈተ ከዚያ ወዲያ ማን ያምነኛል?»

ሚስቱ ካርቶኑን አየችው፤ እሱን አየችው፤ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እውነቱን ልንገርሽ፤ ሰውየው ስለ እምነት ተጨንቆ አልነበረም። ፈርቶ ነበር። ቆርቆሮው ውስጥ ያለውን ማወቅ አልፈለገም፤ የቆረጣት ቀን ደግሞ ጥሩ መደበቂያ ሆነችለት።

ከደንበኞቹ መካከል አንዲት ቆሎ ሻጭ ነበረች። ባልቴት ናት። ፊደል አትቆጥርም፤ እህል ግን በጣቷ ታውቃለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትለቅም ነው የኖረችው። ያንን ጥቁር ዳቦ ገና በመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ በባዶ ሆዷ በላችው። ቤቱ ከነግድግዳው ዞረባት፤ ምን እንደሆነም ወዲያው ገባት። ጎረቤቷን አስጽፋ ወረቀቷን ቆርቆሮው ውስጥ ከተተች። በማግስቱ መጥታ ነጩን ዳቦ ጠየቀች፤ ጋጋሪውን ዓይን ዓይኑን እያየች።

«ቃሌ ደረሰህ?» አለችው።

«የሁሉም ቃል ይደርሳል፣ እትዬ። እዚህ ቤት የሚቀር ቃል የለም።»

«ታዲያ ምን አሰብክ?»

«ቀኑ ሲደርስ ታዪዋለሽ።»

እሷ «ሰምቷል፤ ሊያስተካክለው ነው» ብላ ሄደች። ለማንም አልተናገረችም። ለምን ትናገራለች? ባለቤቱ ካወቀ ሌላው ሐሜት ነው፤ የሰው ገበያ መዝጋት ነው። እሱ ደግሞ «አሮጊቷ ስለ ቆሎ ጻፍልኝ ብላ ይሆናል» አለና ረሳት።

ሦስተኛው ሳምንት ሲገባ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ወደ ዳቦ ቤቱ መጣ። ባለ መስታወቱን አልፎ፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው የመጣው፤ ጋጋሪው ይህን ሲያይ ልቡ በደስታ ቀጥ ልትል ምንም አልቀራት።

«ሰኞ የመንፈቀ ዓመት ፈተና ይጀመራል» አለ ዳይሬክተሩ። «ቁርስ ሳይቀምሱ የሚመጡ ልጆች ብዙ ናቸው። ወላጆች አዋጥተው የሚቀምሱት እናዘጋጅላቸው ብለዋል። ወረቀትህን አንብቤዋለሁ፤ ያንን የአገር ስንዴ ዳቦ ነው የምንፈልገው። ሁለት መቶ።»

«ሁለት መቶ» አለ ጋጋሪው።

«ሰኞ ጠዋት፣ ከፈተናው በፊት። ትችላለህ?»

ሁለት መቶ ልጅ፣ በባዶ ሆድ። የሴትዮዋ መዳፍ እንደገና መጣበት፤ እነዚያ ቀጫጭን ጥቁር ፍሬዎች። «ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው ሰው ሲበላው፤ አንድ ሰው አንድ ቃል አልተናገረኝም» አለ በልቡ። ቆርቆሮው እዚያው አጠገቡ ነው። እጁን ክዳኑ ላይ አሳረፈ። ቀዝቃዛ ነበር። መክፈቻው ዓርብ ገና ሳምንት አለው። እጁን አነሣ።

«እችላለሁ» አለ።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ሁለት መቶው ዳቦ ወጣ። ጋሪው በር ላይ ቆሟል፤ ፈረሱ መሬት ይደበድባል። ዳቦውን በንጹሕ ጆንያ እየሞሉ ጫኑት። በዚያ ሰዓት ባንኮኒው ፊት ሰባት ስምንት ሰው ተሰልፎ ነበር። ጋሪ ነጂው አለንጋውን አነሣ፤ ጋሪው ተንቀሳቀሰ። ቆሎ ሻጯ ዘንቢሏን አንጠልጥላ የደረሰችው በዚህ መካከል ነው።

«ያ የተጫነው ምንድን ነው?»

«ዳቦ ነዋ! በማለዳ ድንጋይ የምንልክ መሰለሽ?» አለ ጋጋሪው። ደስ ብሎታል፤ መቀለድ አምሮታል።

«ጥቁሩ ነው?»

«ጥቁሩ። ለትምህርት ቤት ነው። ልጆቹ ፈተና አለባቸው።»

ዘንቢሉ ከእጇ ወደቀ።

«አንተ ሰው፣ ጤና የለህም? ያዞራል ብዬ አልጻፍኩልህም?»

«የጻፍሽው ዓርብ ይከፈታል፣ እትዬ።»

«ምን? ዓርብ?» አለችው። ድምፅዋ ቀነሰ፤ ያኔ ነው ይበልጥ ያስፈራው። «አላነበብከውም?»

«ቀኑ ገና ነው እኮ...»

«ቃሌ ደረሰህ ስልህ፣ ይደርሳል አላልከኝም? ዓይኔን እያየህ!»

ሰልፉ ላይ የቆመ አንድ ልብስ ሰፊ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔም ጽፌ ነበር» አለ።

«ስለ መዞሩ ነው?» አለችው ከኋላው የቆመች ሴት።

«ስለ መዞሩ። መርፌው ሁለት ሁለት ሆኖ ታየኝ። ከዓይኔ ነው ብዬ መነጽር ላሠራ ነበር።»

«እኔስ? ደሜ አንሶ ነው ብዬ ጉበት ስበላ ከረምኩ። ለማንኛውም ብዬ ጻፍኩ።»

«እኔም» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«እኔም ልጽፍ ብዬ፣ ሌላ ሰው ሳይነግረው አይቀርም ብዬ ተውኩት» አለ ሌላው።

አየሽ፣ እነዚህ ሰዎች ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዱ የሌላውን ጀርባ እያየ እዚያች ቦታ ተሰልፈዋል። ሁሉም የዞረው የራሱ ራስ ብቻ መስሎታል። ሁሉም ነግሬዋለሁ ብሎ አርፏል። ጋጋሪው ደግሞ ማንም አልነገረኝም ብሎ አርፏል። በመካከላቸው ያለው አንድ ቆርቆሮ ነው።

ጋጋሪው ወደ ሚስቱ ዞረ። ሚስቱ ቆርቆሮውን በሁለት እጇ ገፍታ ፊቱ አደረገችው።

ከሚዛኑ ላይ የሁለት ኪሎውን ብረት አነሣ። ቁልፉን መታው። አልተከፈተም። ደግሞ መታው። በሦስተኛው ቁልፉ ከነማጠፊያው ተገነጠለ፤ ወረቀቶቹ ባንኮኒው ላይ ተዘረገፉ። ሊቆጥራቸው የሚችል አልነበረም፤ ከጣቶቹ እየሾለኩ መሬት ይወርዳሉ። የመጀመሪያውን አነሣ።

«ጥቁሩ ዳቦ ያዞራል። ዱቄቱን እየው።» ይህ የቆሎ ሻጯ ነበር።

ሁለተኛውን አነሣ። «ባሌ ጠጥቶ ገባ ብዬ ሁለት ቀን አኮረፍኩት፤ ለካስ ያንተን ዳቦ ነው የበላው። አሁን ይቅርታ የምንጠይቀው ማናችን ነን?»

ሦስተኛው «ስለ ኬክ ጻፍልን» ይላል። ጋጋሪው እዚህችኛዋ ላይ ትንሽ ቆየ። ምነው ሁሉም ስለ ኬክ በሆነ ብሎ ተመኘ፤ ሰው ሲጨንቀው እንደዚያ ነው።

አራተኛው በቀጭን ብዕር የተጻፈ ነበር። «እናቴ ዳቦህን በልታ ደረጃ ስትወርድ ወደቀች፤ ክንዷ ተሰብሯል። ከዳቦው ይሁን ከሌላ አናውቅም። እባክህ እየው።» ከላይ በኩል ቀን አለው። ሁለት ሳምንት ያለፈው።

ቀና ሲል በሩ ላይ ጋሪ የለም።

ሮጠ። ሽርጡን እንደታጠቀ፣ ክንዱ እስከ ክርኑ ዱቄት እንደለበሰ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ዕድሜውን በሙሉ ፉርኖ ፊት ቆሞ ጉልበቱ የደረቀ ሰው፣ በገበያው መካከል ለመካከል ሮጠ። ሰው «ሌባ ነው? ሌባ ነው?» እያለ ዞሮ ያየዋል። ከገበያው ማዶ ቁልቁለት ነው፤ ጋሪው ቁልቁለቱን ተያይዞታል፤ የፈረሱ ሻኩራ ይንሿሿል። ጮኸ፤ ጋሪ ነጂው አልሰማውም። ወደቀ፤ ተነሣ። ትምህርት ቤቱ በር ሲደርስ ባዶው ጋሪ ሊመለስ ሲዞር አገኘው።

ዘበኛው በዱላው መንገዱን ዘጋበት። «ወዴት ነው?»

«ዳቦው!»

«ዳቦው ገብቷል። አንተ ማነህ?»

«ባለቤቱ ነኝ!» አለና ዱላውን በእጁ ገፍቶ ገባ።

ልጆቹ ሜዳው ላይ ተሰልፈዋል። ጆንያዎቹ ተፈትተዋል፤ ሁለት መምህራን ያድላሉ። የፊተኛው ሰልፍ ሁሉ ዳቦውን ይዟል፤ አንዳቸውም ግን አልገመጡም፤ ዳይሬክተሩ «ለሁሉም ሳይደርስ ማንም እንዳይጀምር» ብሎ ነበርና። የመጨረሻዎቹ አምስት ስድስት ልጆች ብቻ ናቸው የቀሩት።

«አቁሙ!» አለ ጋጋሪው። ድምፁ ከሳንባው ሊወጣለት አልቻለም። «አቁሙ!»

ዳይሬክተሩ ዞረ። «ምነው? ጎደለ እንዴ?»

አሁን ስሚ። በዚያች ቅጽበት ምላሱ ላይ የተዘጋጀ ውሸት ነበር። «የሌላ ሰው ትእዛዝ ተሳስቼ ጫንኩባችሁ» ቢል ይበቃው ነበር። ዳቦው ይመለሳል፣ ልጆቹ ይድናሉ፣ ስሙም አይነካም። አፉን ከፈተ። ቆሎ ሻጯ እያለከለከች ከኋላው ደረሰች፤ ነጠላዋ መሬት ይጎተታል። ቆማ ታየዋለች፤ ልትሰማው ነው የቆመችው። ሁለት መቶ ልጅም ያየዋል።

«እንዳይበሉት» አለ። «እንክርዳድ አለበት፤ ያዞራል። ሰዎች ጽፈው ነግረውኛል፤ እኔ አላነበብኩም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሜዳው ጸጥ አለ። ከፊት የቆመች አንዲት ልጅ ዳቦዋን አሸተተችና፣ «ሽታው ግን ደስ ይላል» አለች። መምህሯ ቀስ ብላ ከእጇ ወሰደችባት። ያ ጸጥታ እንደ ዳቦ ቤቱ ጸጥታ አልነበረም፤ ጋጋሪው እንደ ምስጋና የሚቆጥርበት መንገድ አጣ።

ዳይሬክተሩ ወዲያውኑ ባለ መስታወቱ ዘንድ ሰው ላከ። ፈተናው አንድ ሰዓት ዘገየ፤ ልጆቹ ነጭ ዳቦ በልተው ገቡ። ትምህርት ቤቱም ከዚያ ወዲያ ወደ ጋጋሪው አልተመለሰም። ጋጋሪው ዱቄቱን ጉድጓድ አስቆፍሮ ቀበረው። ከዚያ ነጭ ዳቦ ይዞ ክንዷ የተሰበረውን ሴት ሊጠይቅ ሄደ። ሴትዮዋ ዳቦውን አልተቀበለችውም።

«ክንዴ ይጠገናል» አለችው። «ልጄ በጻፈችልህ ማግስት መጥተህ ቢሆን ግን ዳቦህን እበላልህ ነበር።»

ለዚህች መልስ አልነበረውም፤ አልተቆጣም ግን።

ያ ሳምንት የአንባቢዎች ቃል ሳምንት ነበር። ሰዉ ወረቀቱ አይወጣም፣ አፍሮ ይተወዋል አለ። ቅዳሜ ወጣ፤ በሰዓቱ። የተጻፈለትን ሁሉ እንዳለ ገልብጦታል፤ የባልና የሚስቱን ኩርፊያ፣ የልብስ ሰፊውን መርፌ፣ የተሰበረውን ክንድ። ማንንም በስም አላነሣም፤ የራሱን ስም ብቻ ከላይ ጻፈ። ስለ ኬክ የጠየቀውን ሰው እንኳ አልረሳውም፤ «ያንተ በየካቲት ይወጣል» አለው። በየካቲትም አወጣለት።

ካርቶኑን ቀዶ የጣለው እንዳይመስልሽ። እስከ ጳጉሜ ድረስ እዚያው ምስማሩ ላይ ነበር፤ አንድም ቅዳሜ አልዘለለም። አንዲት መሥመር ብቻ ነው የሰረዘው፦ የቆርቆሮው መክፈቻ ዓርብ። በቆርቆሮው ፋንታ ክዳን የሌለው የዳቦ ቅርጫት ባንኮኒው ላይ አኖረ። በየጠዋቱ ሊጡ ሳይቦካ ሚስቱ ቅርጫቱን ይዛ ትመጣለች፤ የከረመውን ሳይሆን የትናንቱን ታነብለታለች። ስለ ወረቀቱ የሆነው ተራውን ይጠብቃል፤ ስለ ዳቦው የሆነው በዚያው ጠዋት ሊጡ ውስጥ ይገባል። ባንኮኒው ላይም ሰዉ እንደ ድሮው መናገር ጀመረ። «ጨው በዝቷል፣ አንተ!» ሲሉት ከንፈሩን ይነክሳል፣ ወደ ጣራው ያያል፣ ከዚያ «እሺ፣ ልየው» ይላል። ቀላል አልነበረም። ያደገበት ምላስ ነው።

እንግዲህ ልጄ፣ ይህ ጋጋሪ አንቺ ነሽ። ስትሰሚ ከንፈርሽን መጠጥሽለት፤ ለራስሽ ምጠጪ። ካርቶኑ ያ ያሳየሽኝ በቀለም የተሞላው ዕቅድሽ ነው፤ ጥሩ ነው፣ አትንኪው፤ የምትጽፊበትን ቀን ቁረጪ፤ ቅዳሜሽን አክብሪ። ሰው ቃሏን የምትጠብቅ ሴት ይወዳል። ቆርቆሮው ግን ያ ስልክሽ ነው። ለሰዎቹ «ጻፉልኝ» ብለሻቸዋል፤ እነሱም ነገርናት ብለው አርፈው ተኝተዋል፤ ዱሮ በር ላይ ቆመው የሚሉሽን አሁን አይሉሽም። ወር ጠብቀሽ የምታነቢው ስለ ኬክ የተጻፈውን ከሆነ ምንም አይደል። ግን የትኛው ስለ ኬክ እንደሆነ፣ የትኛው ስለ ክንድ እንደሆነ ሳትከፍቺው በምን ታውቂያለሽ? ለመናገር ቀን ይቆረጣል። ሰው ለሚነግርሽ ነገር ግን «ዓርብ ና» አይባልም።

ደግሞ እኔ ስናገር ያ ስልክ አራት ጊዜ ጮኸ። በአራተኛው ላይ ገልብጠሽ በፊቱ ደፋሽው፤ አይቼሻለሁ። ቅድም አስቀምጪው ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ በእሱ ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን አንሺው። የኔ ዓይን ከፊደል ጋር ብዙም አይስማማም፤ አንቺ አንብቢልኝ።

ጮክ ብለሽ።